ልጄን በገመድ ለማየት

ከገንዳ ውሃ ከተማ የወጣሁበት ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር። የስድስት ዓመቷ ልጄ ሰናይት መስማት አትችልም፤ ከእኔና ከእናቷ ከጥሩዬ ጋር የምትነጋገረው በእጅ ነው። በጨለማ ደግሞ እጅ አይታይም። ፖሊስ ይፈልገኝ ስለነበር ባትሪ ማብራት እንኳ ፈራን። እንደተኛች ግንባሯን ስሜ ወጣሁ።

በመተማ በኩል የሰሊጥ አጫጅ መስዬ ሱዳን፣ ገላባት ገባሁ፤ ከዚያም ገዳሪፍ። እዚህ ኪስራ የሚሉት የማሽላ እንጀራ ወረቀት ያህል ስስ ነው፤ ሙቀቱና ሰሊጡ ግን ያው የእኛው ነው። ሰው በአገሩ ሙቀት ውስጥ ሆኖ አገሩ ሲናፍቀው ግራ ይገባል። እዚያ የኮምፒውተር መምህር ነበርኩ፤ እዚህ የመጋዘን ጆንያ እሸከማለሁ።

ጥሩዬ በስልክ፣ ሰናይት የሞትክ መስሏታል፣ ይመጣል ብላትም አታምነኝም አለችኝ። እኔ ራሴ ልነግራት ይገባ ነበር። በሁለት እጅ የሚነገር ቋንቋ ደግሞ ስልክ ይዞ አይወራም፤ የስልኬም ካሜራ ተሰብሯል። ስለዚህ ኡቡንቱ የሚባል ሲስተም የተጫነበት፣ ካሜራ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ገዛሁ። ኢንተርኔቱን ከስልኬ በዩኤስቢ ገመድ ላሳልፍለት ነበር ሐሳቤ።

ገመዱን ብሰካው ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል እንጂ ኢንተርኔት የሚያጋራው፣ ቴዘሪንግ የሚለው ማብሪያ አልበራ አለ። በላፕቶፑ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ብጽፍ ላፕቶፑ ምንም አልተሰካብኝም ይላል። ኡቡንቱን ስረግም ሰነበትኩ። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ሐጅ ኢድሪስ በር ላይ ቆመው ያዩኛል።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይህ ሽቦ መብራቴን ወደ ሐበሻ አገር እየሳበው ነው?»

«አይ ሐጅ፣ ምንም አይስብም። ችግሬም እሱ ነው።»

«እንግዲያው ለምን ትሰካዋለህ?»

በኋላ ነው የገባኝ፤ ገመዱ ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ነበር፣ ዳታ የሚያሳልፍ ሽቦ የለውም። ስንት ተማሪ ያስተማርኩ ሰው በራሴ አፈርኩ። ሌላ ገመድ ስሰካ ማብሪያው በራ፣ ላፕቶፑ ስልኩን አወቀው፣ የኔትወርክ አድራሻ ጠይቆም ወዲያው ተሰጠው። እኔን ቋሚ አድራሻ የለህም ብለው የመኖሪያ ወረቀት የከለከሉኝ ሹም ትዝ አሉኝ።

ጥሩዬ የወንድሟን ስልክ ጠረጴዛ ላይ አቁማ ልጄን ፊቱ አስቀመጠቻት። ሰናይትን አየኋት። የፊት ጥርሷ ወልቋል፣ ከስታለች። እጄን አነሳሁ፤ አለሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ አልረሳሁሽም ልላት። ገና ስጀምር ምስሉ ቀጥ አለ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ትእዛዙን ደገምኩ፤ በእኔ በኩል ምንም አልጎደለም። የቆላው ኔትወርክ ድምፅ ያሳልፋል፣ እጅ ግን አያሳልፍም። እንደዚያ ስታገል ጥሪው ተቋረጠ።

ለጥሩዬ ደወልኩላት። ሰናይት ምን እንዳለች ጠየቅኳት፤ ወሬ ልትለውጥ ሞከረች።

«ንገሪኝ እንጂ።»

«አባትሽ ነው፣ ያይሻል ብያት ነበር። ፎቶ ነው አለችኝ። ከሞተችው አያቴ ፎቶ ጎን ስቀዪው ብላኝ ወጣች።»

ጥሪልኝ አልኳት፣ ሳላስበው። ብትመጣስ በስልክ ምን ልላት ነው።