አራት ወይም አምስት

ስለ ጄንሺያን የእፅዋት ቤተሰብ የሚናገር መጽሐፍ ብትገልጡ፣ አንድ ቦታ ላይ «የአበባ ቅጠሎቹ አራት ወይም አምስት ናቸው» የሚል ታገኛላችሁ። ሌላው አንባቢ አይቶት ያልፋል። እኔ ግን «ወይም» የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ እስከ ዛሬ ክው እላለሁ። መጽሐፉን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ልጆቼ «እማዬን ደግሞ ጀመራት» ይላሉ። ይበሉ፤ እነሱ ያን ጊዜ አልነበሩም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ እኔ ገና የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ነው። የእፅዋት መምህራችን ክፍሉን ሁለት ሁለት አድርጎ አጣመረና ለየጥንዱ አንድ የእፅዋት ቤተሰብ አደለ። ለአንዱ ባቄላና አተር ያሉበት፣ ለሌላው ጽጌረዳ ያለችበት ደረሰው። ለእኔና ለጓደኛዬ ጄንሺያን ደረሰን። ስሙን እንኳ በቅጡ መጥራት አልቻልንም። «ምን በድለነው ነው?» አልኩ፣ ለራሴ ያልኩ መስሎኝ፤ መምህሩ ሰማኝና ሳቀ። አባቴ «በአፍ ይጠፉ፣ በለፈለፉ» የሚለውን ተረት ለእኔ ያወጣው ይመስል በቀን አንዴ ሳይለኝ አይውልም ነበር። እውነቱን ነው። አፌ ከእኔ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነኝ።

ጓደኛዬ የእኔ ተቃራኒ ነበረች። የላምበረት ልጅ ናት፤ አባቷ በሰሜን መስመር የጭነት መኪና ያሽከረክራሉ፣ እናቷ ከጭነት መኪና መቆሚያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አላቸው። የቤቱ የበኩር ልጅ፣ ታላቅ ወንድሟ፣ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ በዚያው ቀረ። ሰዎች መኪና ላይ ሲጭኑት አየን ያሉ ነበሩ፤ በማግስቱ ግን ምንም አላየንም አሉ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ስሙ አይነሳም። ፍራሹ ብቻ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር፤ እኔም እሱን ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼ መቀመጥ ለምጄ ነበር።

ሥራውን ተከፋፈልን። እኔ አበባ፣ እሷ ሥርና ቅጠል። እኔ የአበባዋን ነገር አንድ በአንድ አያለሁ፤ እሷ ሥሯን ሳትበጥስ ትቆፍራለች፣ ጭቃውን ታራግፋለች፣ በጋዜጣ መሐል ዘርግታ በሁለት ሳንቃ መሐል በቀበቶ ጠፍራ ታስራለች። አንዳችን በሌላችን ሥራ አንገባም። እንዲህ የተስማማነው በእኔ ጠብ ወዳድነት ነው፤ አበባ ሲነካብኝ አልወድም ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ ፀሐይ የወጣበትን አንድ ቀን ጠብቀን በየካ በኩል ወደ እንጦጦ ወጣን። ከኪዳነ ምሕረት በታች፣ ባሕር ዛፉ ሳሳ ያለበት፣ ውሃ የሚተኛበት ሣር አለ። እዚያ አገኘናት። ቁመቷ ከስንዝር ብዙም አያልፍም። ነጭ ሆና ሐምራዊ ጅማት ያላት ኮከብ መሳይ አበባ። እንጨት ለቃሚዎቹን ሴቶች ስሟን ብጠይቅ «አበባ ናት» አሉኝ፤ ሌላ ስም አላወቁላትም።

መምህራችን እንዳስተማረን አንድ በአንድ አየኋት። ቅጠሎቿ ግንዷ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፤ ወዲያና ወዲህ የሚፈራረቁ አይደሉም። ስትቆረጥ ወተት አይወጣትም። የአበባዋ ቅጠሎች ለየብቻ ቢመስሉም ከታች የተያያዙ ናቸው፤ ወንዴዎቹ ክሮች በየሁለቱ ቅጠል መሐል ከአበባዋ ጋር ተጣብቀው ቆመዋል፤ ክሮቹ ደግሞ በቁጥር ከአበባዋ ቅጠል ጋር እኩል ናቸው። በየቅጠሉ ሥር ጥንድ ጥንድ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ፣ ዙሪያቸውን ፀጉር አብቅለው፤ ማሯ ያለው እዚያ ነው። ዘር የሚቋጥረው ከረጢት ከአበባ ቅጠሎቹ መነሻ በላይ ይቀመጣል። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን እንቡጧ ነው። መምህራችን «አበባዋን ከማየታችሁ በፊት እንቡጧን እዩ» ብሎ ነበር። እንቡጧ እንደተጨመቀ ልብስ ወደ አንድ ጎን ተጠምዝዟል። ሁሉም፣ ያየሁት ሁሉ፣ ወደ አንድ ጎን። ማን እንዲህ እንዳደረጋቸው እያሰብኩ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ቅመሻት እስቲ፣ ቤተሰቡ ሁሉ መራራ ነው ተብሏል» አልኳት። ጓደኛዬ ቅጠሏን ቀንጥሳ ቀመሰችና ፊቷን አጨማዳ ተፋችው። «ወላሂ፣ ኮሶ ይሻላል!» ብላ ሳቀች። ከወንድሟ መወሰድ በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ስንወርድ ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስቆሙን። አንደኛው ሳንቃውን በሰደፉ ነካ አድርጎ «ምንድነው ይሄ የታሰረው?» አለ። ቀበቶውን ፈታንለት። «ሣር ነው እንዴ?» አለ ለጓደኛው። እኔ ደግሞ ዝም ማለት ሲገባኝ «ሣር አይደለም፣ ጄንሺያን ነው» አልኩ። የፈረንጅ ስም ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ጋዜጣውን አንስቶ ሲገልጠው ደግሞ የባሰ መጣ። እርጥቧ ተክል የተዘረጋችው በአገሩ መሪ ፎቶ ላይ ነበር፤ ከሥሯ የቀረው ጭቃ ግንባራቸው ላይ ተለጥፏል። ጓደኛዬ ስትዘረጋ ፎቶውን አላየችም፤ ጋዜጣው ሁሉ ያው ፎቶ ስለነበረ ማንም አያይም። ጠባቂው ግን ክው ብሎ ቀረ፤ እኛም ከእሱ ብሰን። «ሂዱ ወደ ቀበሌ!» አለ፤ ድምፁ ራሱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበር መነጽር ያደረገ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ረጋ ማለቱ አስፈራኝ። መታወቂያችንን አየና ጠረጴዛው ላይ ከሽጉጡ አጠገብ አስቀመጠው። «ጫካ ውስጥ ለተሸሸጉ ሰዎች ስንቅና መልእክት የሚያመላልሱ ሴቶች አሉ» አለ። «ተማሪ ነን ይላሉ ሁሉም። እኔ የማምንበት አንድ መንገድ ብቻ አለኝ፤ ለየብቻ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ።» ጓደኛዬን ወደ ውጭ አስወጣትና ወደ እኔ ዞረ። «በይ፣ ስለዚች ተክልሽ ንገሪኝ።»

ነገርኩት። ቅጠሉን፣ ጉድጓዶቹን፣ የእንቡጡን ጥምዝ፣ ምንም አላስቀረሁም። ስፈራ ደግሞ ይብስብኛል። «የአበባዋ ቅጠል ስንት ነው?» ሲለኝ «አምስት!» አልኩ፤ ቆጥሬያለሁና።

በሩን ከፍቶ ጓደኛዬን አስገባት። እኔን በዓይኑ ዝም አሰኝቶ «ስንት ነው?» አላት፤ ቀጥሎም «የአበባዋ ቅጠል» አለ።

«አራት» አለች።

ሊቀመንበሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «አንዷ ተማሪ ናት» አለ ቀስ ብሎ። «አንዷ ግን ተማሪ ተከትላ የምትወጣ ሌላ ሰው ናት።» ለጠባቂው «የከፍተኛው መኪና ሲመጣ ይቺ ትሄዳለች» ብሎ ወደ ጓደኛዬ ጠቆመ። ያን ጊዜ ወደ ከፍተኛ፣ ከቀበሌ በላይ ወዳለው ጽሕፈት ቤት፣ የተወሰደ ሰው ምን እንደሚሆን የካ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን አልነበረም። በዚያ ላይ የወንድሟን ስም ከሰሙ አለቀላት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ ራስዎ ይቁጠሯት!» አልኩ። «መጽሐፉ አራት ወይም አምስት ነው የሚለው! ሁለቱም ሊሆን ይችላል!»

«መጽሐፍ ሁሉ ‹ወይም› ይላል» አለ። «አበባዋ ግን አንድ ነገር ናት። ክፈቻት።»

ተክሏ ጋዜጣው ላይ ነበረች። አበቦቿ ግን ሁሉም ተዘግተዋል። ከሰዓት በኋላ ደምኖ ነበር፤ ይቺ አበባ ፀሐይ ስታጣ ቅጠሎቿን መልሳ ትጠመዝዛለች። ከውጭ ማየት አይቻልም። አንዷን በጥፍሬ ይዤ ጥምዟን ቀስ ብዬ ፈታሁት። አምስት። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ በክብሪት እንጨት እየነካካ ቆጠረና ጓደኛዬን አያት። «ሌላ» አለኝ።

ሌላ ከፈትኩ። አምስት። ሌላም። አምስት።

ያኔ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ገባኝ። አበባ በከፈትኩ ቁጥር እኔ እድናለሁ፣ እሷ ትጠፋለች። በገዛ ጥፍሬ። እጄ የእኔ እጅ አልመስለኝ አለ። ጓደኛዬ ግን እኔን እንኳ አታይም፤ መስኮቱን እያየች ቆማለች፣ ነገሩ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስል። «በቃኝ» ለማለት አሰብኩ፤ ግን ባቆም ምን እንደሚል አውቃለሁ። ከታች፣ ከቅጠሎቹ ጥንድ ሥር፣ አንዲት ትንሽ እንቡጥ ቀርታለች። ጥምዟን ፈታሁት።

አራት።

በመጀመሪያ የቀደድኩት መሰለኝ። እንባዬ መጥቶ ማየት አልቻልኩም። ሊቀመንበሩም «ነቅለሻል» አለ። «አልነቀልኩም! ይቁጠሩ! ክሮቹን ይቁጠሩ!» ብዬ ጮህኩበት፤ ሽጉጥ ፊት ለፊቱ ባስቀመጠ ሰው ላይ። ወንዴዎቹ ክሮች አራት ናቸው። ከውጭ አረንጓዴ ሽፋኖቹ አራት። ጥንድ ጥንዱ ጉድጓድም በአራት ቦታ፤ አምስተኛ የነበረበት ቁስል የለም። ሊቀመንበሩ ክብሪቱን አንድ በአንድ አስነካ። ደግሞ ከመጀመሪያው ቆጠረ። ቀና ሲል እሱም ደንግጦ ነበር፤ አሁንም ፊቱ ይታየኛል።

«በአንድ ግንድ ላይ?» አለ። «አንዱ አራት፣ አንዱ አምስት?» ከዚያ ሳይታሰብ ሳቀ። «ይቺማ ወላዋይ ናት!» በዚያ ዘመን ወላዋይ የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ አይተርፍም ነበር፤ እኛን ግን ያተረፈችን የአበባዋ ወላዋይነት ነው። የመሪውን ፎቶ ከጋዜጣው ላይ ቆርጦ አስቀረና ጭቃውን በእጅጌው ጠረገው። መታወቂያችንን መለሰልን። «ሁለተኛ እዚያ ጫካ እንዳላያችሁ» አለን።

እስከ ላምበረት ድረስ አልተናገርንም። እኔ፣ ያ ሁሉ መንገድ፣ ዝም። የጭነት መኪና መቆሚያው ደርሰን፣ ወዛደሮቹ ጭነት እየተሻሙ ሲጯጯሁ ነው አፌ የተፈታው።

«አራት ያላትን መቼ አየሻት? ለምን አልነገርሽኝም?»

«የቷን?»

«አበባዋን!»

«እኔ አበባ አላየሁም» አለች። «አበባ ያንቺ ሥራ አይደለም እንዴ? ወላሂ፣ አልቆጠርኩም።»

ቆምኩ። አንድ ወዛደር በትከሻው ገፍቶኝ አለፈ። «ታዲያ አራት ያልሽው?»

ጓደኛዬ መልስ ከመስጠቷ በፊት ዙሪያዋን ተመለከተች። «እማ ናት ያስተማረችን» አለች። «ቀበሌ ስንት ናችሁ ካላችሁ አራት በሉ ብላናለች። አምስት ካልን አምስተኛው የት ሄደ ይላሉ። ሌት ተቀን ነው ያስጠናችን፣ ትንሿን እህቴን እየቆነጠጠች። ሰውየው ‹ስንት› ሲለኝ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም።»

መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። ማንም ያላያት፣ ማንም ያልቆጠራት እንቡጥ እዚያ ቅጠል ሥር ነበረች፤ ባትኖር ኖሮ አበባ በጥፍሬ እየከፈትኩ ጓደኛዬን ለመኪናው አስረክቤያት ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም፤ የምለምደውም አይመስለኝም።

አስተማሪ ሆኜ ኖርኩ። ደርግ ከወደቀ ወዲህ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ እዚያ ሣር ላይ እወጣለሁ። ጥምዙን እየፈታሁ እቆጥራለሁ። አራት ያላት አንድም ቀን አላገኘሁም።

ወንድሟ አልተመለሰም። እናቷ ግን አርጅተው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ አሁንም ላምበረት ነበሩ። አንድ ዓመት ከእንጦጦ ስወርድ ልጠይቃቸው ገባሁ። ስለ አበባዋ ልጃቸው ነግራቸው ኖሯል። «ዛሬስ ስንት ሆነች?» አሉኝ።

«አምስት ናት፣ እማማ። ሁልጊዜ አምስት ናት። አራቷን መልሼ አላገኘኋትም።»

እጄን ፈልገው ያዙኝ። «አትፈልጊያት» አሉ። «አምስት ነን ልጄ። አራት ያልኩት እኔ ነኝ።»