እጩ ከተባለማ አለቀ

ታላቅ እህቴ ፊት «ምርጫ» የሚል ቃል አይነሣም ነበር። ከተነሣ ያን ቀን እህል አትቀምስም፣ ሰውም አታናግርም። ባሏን የወሰደባት ምርጫ ነው። አዘዞ እያለን የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ካድሬው አንድ ሰው አቁሞ «እጩው እኚህ ናቸው፤ የሚደግፍ እጁን ያውጣ» አለ። እንደ ወትሮው እጃችንን አውጥተን፣ አጨብጭበን ልንበተን ስንል አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «እኛስ አናጢው ይሁንልን» አሉ። አናጢው የእህቴ ባል ነው። ሰዉን ምን እንደነካው እንጃ፣ እጁን ለአናጢው አወጣ። ካድሬው ቆጥሮ ሲያበቃ «አናጢው ተሸንፏል» አለ። ማን ይከራከረዋል? እሺ፣ ተሸነፈ። ተሸንፎም አልቀረለትም፤ በሳምንቱ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ከምሳው ላይ አስነሡት፤ በዚያው ቀረ። እህቴ ዓመት ሙሉ በሩን ስትጠብቅ ከረመች።

ሱዳን ተሻግረን ገዳሪፍ የገባነው ሦስት ሆነን ነው፤ እሷ፣ የሰባት ዓመት ልጇና እኔ። እሷ ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ሰሊጥ ታበጥራለች፤ እኔ እዚያው ጆንያ እሰፋለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ወስፌ ይዞ ሲውል ማየት እሷን ያስቃታል፤ እኔን ግን ያበግነኝ ነበር። ቁጡ ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ። ልጅቷን ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ወባ ይጥላታል፤ በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ከሞት አፋፍ ተመልሳለች። ስለዚህ አሜሪካ የሚሄዱ ስደተኞች ይመዘገባሉ ሲባል ሾዋክ ካለው የስደተኞች ቢሮ ሄጄ ፎርሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እኔና ልጅቷ የተጻፍነው በእሷ ሥር ነው። እሷ ካልፈረመች ሁላችንም የለንም።

«አልፈርምም» አለች።

«ለምን እታለም?»

«ጥቁር በውሻ የሚነከስበት አገር ልጄን አልወስድም። በውይይት ክበብ ሥዕሉን አሳይተውናል።»

«ያሳየሽ እኮ ካድሬው ነው! ባልሽን የወሰደው ካድሬ!»

«እሱ ውሸታም ነው። ሥዕሉ ግን አይዋሽም» አለች። የካድሬውን ሌላ ነገር ሁሉ ጥላ፣ ይቺን አንዷን አጥብቃ ይዛ ድንበር ተሻገረች። ከፋም ለማም ሥዕሉ እውነት ነበር፤ እኔም አውቃለሁ። እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ፎርሙ የሚሰበሰበው ሐሙስ ነው። ማክሰኞ ከሥራ ወጥተን ራኩባው ሥር ተቀምጠናል፤ ራኩባ የምንለው መጋዘኑ ደጅ ያለውን የገለባ ዳስ ነው። ከሰሊጥ አበጣሪዎቹ ሦስት አራት ሴቶች አሉ፣ አንድ የመተማ ሽማግሌም አሉ፤ የመጋዘኑ ዘበኛ ናቸው፣ አባባ እንላቸዋለን። ሬዲዮው የእኔ ነው። የባትሪ ድንጋዮቹን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አሙቄ መለስኳቸውና የአማርኛውን ዜና ከፈትኩ። ማፏጨት ጀመረ። በፉጨቱ መሐል «በአሜሪካ… ለፕሬዚዳንትነት… ጥቁር አሜሪካዊ… እጩ…» ብሎ ጠፋ።

«ምን አለ?» አሉ አባባ። «ጥቁር ነው ያለው?»

እኔ ነገሩን አውቀዋለሁ። የሱዳን ተማሪዎች ከሚጥሉት የእንግሊዝኛ ጋዜጣ አንብቤዋለሁ። ሰውየው እጩ አልሆነም፤ እጩ ለመሆን ገና ከፓርቲው ሰዎች ጋር እየተወዳደረ ነው። ከእሱ በፊትም አንዲት ጥቁር ሴት ሞክራ አልሆነላትም። ይህን ሁሉ ላስረዳ አፌን ስከፍት እህቴን አየኋት። አንገቷን ቀና አድርጋ ትጠብቀኛለች።

«አዎ፣ ጥቁር ሰው ነው። እጩ ነው» አልኩ። በቃ። ሌላ አልጨመርኩም።

«እጩ?» አሉ አባባ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው። «እጩ ከተባለማ አለቀ! የቀረው ጭብጨባው ነው!»

ሴቶቹ እልል አሉ። መንገድ የሚያልፍ አንድ ሱዳናዊ ባለአህያ ሠርግ መስሎት «ሙባረክ!» ብሎን አለፈ። እኛ እጩ ሲባል የምናውቀው አንድ ነው፤ ከላይ የተቆረጠለት ሰው። እጩ ሆኖ የተሸነፈ ሰው ማን አይቶ ያውቃል? ይህን እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት። ረቡዕ ጠዋት እህቴ ጆንያ ከምሰፋበት መጥታ «አምጣው፣ የት ጋ ነው የምፈርመው?» አለችኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ሞት ይርሳኝ፣ አላፈርኩም።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ሬዲዮው ጥርት ብሎ ሲናገር ብቻዬን ነበርኩ፤ የሰውየው ፓርቲ ሌላ ሰው መርጧል። ጥቁሩ ሰው ግን በትልቁ ጉባኤ መድረክ ላይ ወጥቶ ተናግሯል፣ አዳራሹ ሙሉ ቆሞ አጨብጭቦለታል አለ። ዘጋሁት። እህቴ መጥታ «የእኛ ሰው እንዴት ሆነ?» ስትል «ድንጋዩ አልቋል» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ ስንት ጊዜ እንዳለቀ እኔ ነኝ የማውቀው። «የእኛ ሰው» ማለቷ ደግሞ በየቀኑ ይወጋኝ ነበር።

ለቃለ መጠይቅ ስንጠራ ዝናቡ አልቆመም። አውቶቡሱ በጥቁሩ ጭቃ ውስጥ እየዋኘ ሾዋክ አደረሰን። ከቢሮው ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ወረፋ ይዘን ተቀመጥን። ልጅቷ ጭኔ ላይ ተኝታለች። እህቴ ነጠላዋን አስተካከለችና «ስማ፣ ኸዋጃውን መጀመሪያ ምን እንደምለው ታውቃለህ?» አለችኝ። ኸዋጃ የሚባለው እዚያ አገር ፈረንጅ ነው።

«ምን ትይዋለሽ?»

«በአዲሱ መሪያችሁ እንኳን ደስ አላችሁ እለዋለሁ። ባዶ እጅ ከመግባት ይሻላል።»

ጉድ ፈላ! ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ሾዋክ ድረስ ችሎ እዚያ አለቀ። ብታፍርብኝስ? ስቀውባት ውሸታም ናት ብለው ፎርሙን ቢጥሉትስ? ደግሞ እውነቱን ብነግራት ተነሥታ ወደ አውቶቡሱ ብትመለስስ? ልጅቷ በእንቅልፏ ላብ አጥምቋታል። ነገርኳት። እጩ እንዳልነበረ፣ ሊሆን ይወዳደር እንደነበር፣ ከወር በፊት መሸነፉን፣ ድንጋዩም እንዳላለቀ፣ ሁሉንም።

«ዋሸኸኝ» አለች።

«እጩ ነው አልኩ እንጂ—»

«እኔ እጩ ሲባል ምን እንደምሰማ አንተ አጥተኸው ነው? አንተ! ለእኔ?» ድምፅዋ አልጨመረም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቷን ወደ ቢሮው በር መለሰች። ተነሥታ ትሄዳለች ብዬ ልጅቷን አጥብቄ ያዝኩ።

ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል «ምን አደረጉት?» አለች።

«ማንን?»

«ሰውየውን ነዋ! የተሸነፈውን።»

«ምንም።»

«ምንም ማለት ምን ማለት ነው?»

«መድረክ ላይ ወጣ፣ የልቡን ተናገረ። ያልመረጡትም ቆመው አጨበጨቡለት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን አለ፣ ቤቱ ገባ።»

«ቤቱ ገባ? በሳምንቱስ?»

«በሳምንቱም ቤቱ ነው።»

«ማንም አልጠራውም? ለጥያቄ አላሉትም?»

«አላሉትም እታለም።»

«ተሸንፎ ቤቱ ገባ» አለች፤ አሁን እኔን መጠየቋ አልነበረም። ወዲያው የእኛ ስም ተጠራ። ይቅር ብላኝ እንደሁ ሳላውቅ፣ የተኛችውን ልጅ አቅፌ ከኋላዋ ተከትዬ ገባሁ።

ኸዋጃው ትሑት ሰው ነበር፤ ከመቀመጫው ተነሥቶ ጨበጠን። አስተርጓሚው የአሥመራ ልጅ ነው፣ አማርኛው ጥንቅቅ ያለ። ስለ አዘዞ፣ ስለ መንገዳችን፣ ስለ ልጅቷ ሕመም ጠየቁን። መጨረሻ ላይ «ለምን አሜሪካ መሄድ ፈለጉ?» አላት። እኔ መልሱን በአውቶቡስ አስጠንቻት ነበር፤ ለልጄ ሕክምናና ትምህርት በይ ብዬ።

«ተሸንፎ ቤቱ የሚገባ ሰው ያለበት አገር ነው ብሎኛል ወንድሜ» አለች።

አስተርጓሚው ብዕሩን አቆመ። «እናቴ፣ ምን ብዬ ልተርጉመው?»

«እንዳልኩህ አድርገህ፣ ልጄ።»

ተረጎመው። ኸዋጃው ቀና ብሎ አያትና አንገቱን ደፍቶ ብዙ ጻፈ። ስንወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። እህቴ አውቶቡሱ ጋ ሳትደርስ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ከአዘዞ ከወጣን ጀምሮ አንድ ቀን አንሥታው የማታውቀውን የባሏን ስም ጠርታ፣ «ምሳህን እንኳ ሳትጨርስ» ብላ አለቀሰች። ልጅቷ ነቅታ የአባቷን ስም ከስንት ጊዜ በኋላ ከእናቷ አፍ ሰማች። እኔ አጠገባቸው ቆሜ አውቶቡሱ ጥሎን እንዳይሄድ ሾፌሩን በእጄ እለምን ነበር።