በኮሚቴ ውሳኔ ያልጠለቀች ፀሐይ

መምህር ዘነበ የቀድሞው ጦር ማርሽ ባንድ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበር። ጦሩ በ1983 ሲበተን ጓዶቹ መሣሪያቸውን እየጣሉ ወደየአገራቸው ገቡ፤ እሱ አኮርዲዮኑን አዝሎ ጂጅጋ ቀረ። ከዚያ ሁሉ አብዮት የተረፈው ይኸው ነው፦ አንድ አኮርዲዮንና አንድ ሞኝ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶም ሙዚቃ ያስተምር ጀመር፤ ሙዚቃ ማለት የሒሳብ መምህሩ ሲቀር ልጆቹ የሚጠበቁበት ክፍለ ጊዜ ነው።

ትዳር አልያዘም፣ ጎጆም አልቀለሰም። የሠራው አንዲት የልጆች ተረት በዜማ ብቻ ነው። ፀሐይና ጨረቃ ለሁለት አንድ ዜማ አላቸው፤ ሰማይ ላይ ያለችው ትዘፍናለች፣ ሌላዋ ታርፋለች። አንድ ቀን ፀሐይ «ዜማዬን አልሰጥም» ብላ ትገግማለች። ፍየሎች እንቅልፍ ያጣሉ፣ ግመሎች ይነጫነጫሉ። በመጨረሻ ድምጿ ተዘግቶ ትጠልቅና ጨረቃ ትዘፍናለች። ሰውዬው ዕድሜውን የፈጀው በዚህች የጨረቃ ዘፈን ነው፤ ግማሿ አማርኛ፣ ግማሿ ሶማሊኛ። ጡረታው ሲቃረብ ምኞቱ አንድ ብቻ ሆነ፦ ዘፈኗን አንዴ፣ መድረክ ላይ፣ ሰው ፊት መስማት። የምትዘፍናትም ተገኝታ ነበር፤ ኒምኮ የምትባል የአምስተኛ ክፍል ተማሪ።

ታዲያ በዚያ ዘመን ለከተማው በዓል መድረክ የሚወጣ ነገር፣ የሕፃን ጭፈራም ቢሆን፣ አስቀድሞ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ሰብሳቢው አብሽር የሚባል ወጣት ሹም ነበር።

«መአሊን፣» አለው፤ መምህርን እዚህ እንዲህ ነው የሚጠሩት። «ፀሐይዋ ማን ናት?»

«ፀሐይ ናት።»

«እሱማ ገባን። የምትወክለው ማንን ነው?»

«ማንንም፣ አቶ አብሽር። ያቺው ውጭ ያለችው ናት። ወላሂ!»

«እኛን ልጅ አታድርገን። ከሁሉ በላይ ያለው ማን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። ታዲያ ለምን ትጠልቃለች?»

«ስለሚመሽ።»

«እዚህ አይመሽም።»

ዘነበ በድርድር የሚያምን ፍጡር ነውና፣ «እንግዲያው ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ጨረቃዋ ትውጣ፤ በቀን ጨረቃ ትታይ የለ?» አለ።

«ሁለት አለቃ በአንድ ሰማይ? መአሊን፣ ፖለቲካ ጀመርክ እንዴ?»

ሰማዩ በሙሉ ድምፅ ለፀሐይ ተሰጠ። ተቃውሞ የለም፣ ድምፀ ተዓቅቦ የለም።

ተረቱን የጻፈበትን ወረቀት ቀድዶ መውጣት ይችል ነበር። አልወጣም። በትርዒቱ መጨረሻ ላይ እንግዶቹ ሲዘናጉ ኒምኮን ወደ መድረክ ሊገፋት አሰበ። ትግሉ በዚህ ደረጃ ላይ ነበር።

በበዓሉ ቀን ሀምዲ የምትባል ልጅ ፀሐይ ሆና፣ ቢጫ የተቀባ የዘይት ካርቶን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወጣች። ስትዘፍን የክብር እንግዳው አጨበጨበ፤ አዳራሹም ተነሥቶ አጨበጨበ። ችግሩ፣ የማትጠልቅ ፀሐይ ማብቂያ የላትም። ሀምዲ ጨርሳ ዘነበን አየች፤ ዘነበ አብሽርን አየ፤ አብሽር ጣቱን በአየር ላይ አሽከረከረ፦ ድገሚ! ደገመች። ቀድሞ የሚቀመጥ ሰው በክፉ እንዳይታይ ይፈራል፤ ስለዚህ ማንም አልተቀመጠም፣ ማንም አልተዘናጋም። ልጅቷ ድምጿ እስኪዘጋ አስዘፈኗት።

ከመጋረጃው ኋላ ኒምኮ ጭንቅላቷ ላይ ብርማ ወረቀት ጠምጥማ፣ «መአሊን፣ አሁን?» ትላለች።

«ትንሽ ቆዪ።»

«አሁንስ?»

እንግዳው ተነሥቶ ሄደ፤ ሕዝቡም ተከትሎት ፈሰሰ። ኒምኮ ስትወጣ የጠበቃት ባዶ ወንበር ነው።

«ለማን ልዝፈን?»

«ለእኔ።»

ትክ ብላ አየችውና ወረቀቱን ከራሷ ላይ መነጨቀችው። «አንተማ ታውቀዋለህ!» ብላ ሄደች።

በዓመቱ ኮሚቴው «ያቺ ድንቅ ትርዒት ትደገም» ብሎ አዘዘ። ዘነበ ክፍል ገብቶ፣ ጨረቃ መሆን የሚፈልግ ካለ ጠየቀ። ምን ተስፋ እንዳደረገ እሱ ይወቅ። እጅ ያወጣችው ኒምኮ ብቻ ነበረች።

«እኔ ዘንድሮ ፀሐይ ነኝ። ሀምዲ ድምፅ የላትም።»

«ጨረቃስ?»

«ጨረቃ ምን ትሠራለች? መጋረጃ ኋላ መቆም?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዘነበም ቢጫውን ካርቶን አምጥቶ፣ በገዛ እጁ አንገቷ ላይ አሰረላት።