ለእንሹዋ ጓደኛ ስንጠራ

ልጄን ጉንፋን ሲይዘው አፍንጫው በእንቅልፉ ያፏጫል። ቀጭን ፉጨት ነው፤ ዝም ይልና ደግሞ ይመጣል። ሌላ እናት ብትሆን ቶሎ ተነስታ ትራሱን ከፍ ታደርግለታለች። እኔ ግን መጀመሪያ ጋደም እንዳልኩ አዳምጠዋለሁ፤ ድምፁ ጅቡቲ ወስዶ ሆዳን ሰፈር ጫፍ ላይ ያቆመኛልና። ሳቂ ግድ የለም፤ ስቀሽ ስትጨርሺ እነግርሻለሁ።

የሄድኩት ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነው፤ አሮጌው ባቡር ከድሬዳዋ እየተንፏቀቀ ይመጣ በነበረበት ዘመን። ሥራ የገባሁበት ቤት ከድሬ የሄዱ ነጋዴ ባልና ሚስት ቤት ነው። ከግቢው በስተጀርባ ድንጋያማ ሜዳ፣ የደረቀ ወንዝና እዚህም እዚያም የቆመ ግራር እንጂ ሌላ ቤት አልነበረም። ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም። ከእኔ ጋር ያላት ወሬ ግን "ይህን እጠቢ፣ ያንን አንሺ" ብቻ ስለነበር፣ አንዳንድ ቀን የራሴን ድምፅ ለመስማት ስል ከድስቱ ጋር አወራ ነበር።

ሰኔ ሲገባ አገር ቤት ዝናብ ነው። እዚያ ግን ካምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋውን ይዞ ይመጣል፤ የበር እጀታ እንኳ በጨርቅ ካልሆነ አይያዝም። አቅም ያለው ሁሉ ከተማውን ለፀሐይ ትቶ ወደ ደጋ ይወጣል። የእኔዎቹም ጓዛቸውን ጠቅልለው ሐረር ዘመድ ቤት ሄዱ። ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔ፣ ዘበኛውና እንሹዋ ነን።

እንሹ ከሚዳቋ ወገን ትንሿ ናት፤ አድጋ እንኳ ከፍየል ግልገል አትበልጥም። አባወራው መንገድ ዳር ከሚሸጡ ልጆች ገዝቶ ለሴት ልጁ አመጣት። ልጅቷ ጥቂት ቀን ተጫወተችባትና ሰለቻት፤ ከዚያ ወዲያ የእኔ ሆነች። ሲመሽ ክሊማ የሚሉት የአየር ማቀዝቀዣ ውሃ የሚንጠባጠብበት እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ ስል መጥታ እግሬ ሥር ትተኛለች። ሽታዋ ፀሐይ የመታው ሣር ሽታ ነበር። ለእኔ ብሎ ከተኛበት ተነስቶ የሚመጣ ፍጡር እዚያ አገር እሷ ብቻ ነበረች።

ግን አትበላም። ቅጠሉን ታሸተውና ትተወዋለች፤ የጎኗ አጥንት ይቆጠር ጀመር። ማዳም ስትሄድ ከመኪናው መስኮት ብቅ ብላ ለዘበኛው "እምቢ ካለች ሞታ ሐራም ሳትሆን እረዳት" አለችው። በክፋት አይደለም። የሚበላ ከብት ዝም ብሎ ሲሞት ማየት ለእነሱ ነውር ነው።

ዘበኛው ሽማግሌ ሶማሌ ነበር። በወጣትነቱ ሐዲድ ላይ ሲሠራ ድሬ ስለኖረ አማርኛው የድሬ አማርኛ ነው። አንቱ ስለው ስለሚስቅብኝ አንተ እለዋለሁ፤ ስጠራው ግን "አዴር" ነው፣ አጎቴ ማለት። እሱም ጎኗን ዳበስ አድርጎ "እስከ ጁምዓ አያታለሁ" አለኝ።

"አዴር፣ ለምን አንለቃትም?"

"አቦ አንቺ ደግሞ! ብቻዋን የት ትሄዳለች? ሰጋሮ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚኖር።" እንሹን በቋንቋው ሰጋሮ ይላታል። "ሜዳው ሁሉ ባለቤት አለው። ብቻዋን የመጣችውን ከአንዱ ግራር ወደ አንዱ ያባርሯታል። መጨረሻ የውሻ ናት።"

"ብቻውን የቀረስ አይኖርም?"

መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። "እንግዲህ ጠርተን እንየው" አለ።

መግሪብ ሰግዶ ሲጨርስ ከግቢው ጀርባ ወጣን። ድንጋዩ የቀኑን ሙቀት ገና ይተፋል። አንዱን አፍንጫውን በአውራ ጣቱ ደፈነና ትንፋሹን በሌላው ገፋው፤ "ዝዊክ፣ ዝዊክ"። ሁለት ከመለሱ ቦታው ተይዟል፣ እለፍ ማለታቸው ነው አለኝ። አንድ ብቻ ከመለሰ ግን ጓደኛውን ያጣ ነው። የመጀመሪያው ምሽት ከወንዙ በኩል ሁለት ድምፅ ተከታትሎ መጣ። በማግስቱ ራቅ ብለን ጠራን፤ እዚያም ሁለት ናቸው። እኔ ስሞክር "ይሄ የታመመች ዶሮ ነው" ብሎ ሳቀብኝ። ስለማመድ ስለማመድ ግን ያዝኩት። "አሁን አንቺ ጥሪ" አለኝ፤ "የእኔን ሽማግሌ ድምፅ ሰምቶ ማን ይመጣል?"

ሐሙስ ማታ መብራት ጠፋ። የሰፈሩ ክሊማ ሁሉ ዝም ሲል የወደቡ መርከብ ጥሩንባ እንኳ ቅርብ ሆኖ ተሰማ። እንሹዋን በሻሼ ጠቅልዬ ታቅፌአታለሁ፤ ልቧ ክንዴ ላይ ይመታል። በሌላው እጄ አፍንጫዬን ይዤ ጠራሁ።

አንድ መለሰ። አንድ ብቻ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ እየጠራሁትም እንዳይመጣ እጸልይ ነበር። ነገ ጁምዓ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢላዋውንም አይቼዋለሁ። ያም ሆኖ እሷ ከሄደች የሚቀረኝ ያ ባዶ ቤትና ድስቱ ብቻ ነበር። ድጋሚ ስጠራ ከግራሩ ሥር ወጣና የጨረቃዋ ብርሃን ላይ ቆመ፤ ጆሮው ብቻ ይንቀሳቀሳል። አዴር በሹክሹክታ "ሚስቱን መንገድ ላይ መኪና የገጨበት ነው" አለኝ። ሻሹን ፈትቼ መሬት አስቀመጥኳት። እግሬ ሥር ትንሽ ቆመች። እሱ አንዴ አፏጨ፤ እሷም በዚያ ቀጫጭን እግሯ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጠች ሄደች።

ማዳም ደውላ ስትጠይቅ አዴር "ለቀቅናት" አላት። "ደግ አደረጋችሁ" ብላ ወደ ሌላ ወሬ አለፈች። ለቤቱ ሰው ነገሩ በዚሁ አለቀ። እኔ ግን ስንት ምሽት እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ድስቱንም ማናገር ተውኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ሲመሽ አላስችል አለኝ። ብቻዬን ወጥቼ ጠራሁ። ለአንዴ ብቻ መጥታ አፍንጫዋን መዳፌ ላይ አድርጋልኝ ብትመለስ ሌላ አልፈልግም ነበር። የመለሰ የለም። እንደገና ጠራሁ። ይሄኔ ከግራሩ ሥር ሁለት ድምፅ ተከታትሎ መጣ፤ አንዱ ወፈር ያለ፣ አንዱ ቀጭን። ቀጭኑን አወቅሁት።

አዴር መቁጠሪያውን እንደያዘ ከኋላዬ መጥቷል። "ሰማሽ? ቦታው ተይዟል እያሉ ነው።"

"ለእኔ ነው?"

"ላንቺ ነዋ። ሌላ ማን ጠራ?" ሊስቅ ብሎ ፊቴን ሲያይ ተወው። "ደስ አይልሽም?"

"ደስ ብሎኛል፣ አዴር።" እውነቴን ነበር።

"እንግዲያ ከዚህ ወዲያ አትጥሪያቸው። ደጋግመሽ ከጠራሽ ሌላ መጣብን ብለው አገሩን ይለቃሉ" ብሎኝ ገባ።

እኔ አልገባሁም። ሜዳው ላይ ያ ቀጭን ድምፅ ብቻውን ደጋግሞ ተሰማ፤ እዚያው ያለሁ እንደሆነ ሊጠይቅ ይመስል። አውራ ጣቴ ሳላዘው ወደ አፍንጫዬ ሄደ። እንዳይጠሩብኝ አፌንና አፍንጫዬን በሻሼ ጥብቅ አድርጌ ይዤ፣ ዝም እስክትል ድረስ ቆምኩ።