አያቴ የሳቀችበት ፎቶ

ትናንት ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ ልጄ ስስቅ በስልኳ አነሳችኝና አሳየችኝ። «ድዴ ሁሉ ወጥቷል፤ አጥፊው!» አልኳት። ከአፌ የወጣው የአያቴ ድምፅ ነበር።

ልጅ ሳለሁ፣ በአንድ ዒድ፣ አጎቴ ከጅቡቲ ዲጂታል ካሜራ ይዞ መጣ። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ካሜራ አይተን አናውቅም። አያቴ አዲስ ድሪያ ቀሚሷን ለብሳ ግቢው ውስጥ ተቀምጣለች። ፍየሏ ከኋላ መጥታ የሻሿን ጫፍ ማኘክ ስትጀምር አያቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ አጎቴም ቀጭ አድርጎ አነሳት። ሁላችንም ከካሜራው ጀርባ ያለችውን ትንሽ መስኮት ለማየት ተጋፋን።

«ያ አላህ! ወላቃ አፌን ልታሳይብኝ ነው? አጥፋው!» አለች። አጎቴ አንድ ነገር ሲጫን ፎቶው ጠፋ። ሳቅን።

ከዚራ ሰፈር ውስጥ ፎቶ ቤት የነበረው ጎረቤታችን ጋሽ ሞላ ግን «ዒድ ሙባረክ» ሊለን መጥቶ ያንን ሲያይ አልሳቀም። «በፊልም ቢሆን እስኪታጠብ ማንም አያየውም ነበር። ታጥቦ ከመጣ በኋላ ደግሞ ማን ይጥለዋል?» አለ።

«ወሪያ! ‹ትንፋሽሽን ያዢ› እያልክ ፖሊስ ያስመሰልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?» አለችው አያቴ።

እውነቷን ነው። ጋሽ ሞላ በፊልም ያነሳት ፎቶ ዛሬም ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አለ፤ ከንፈሯን ገጥማ፣ ዓይኗን አፍጥጣ። ልጄ የምታውቃት በዚያ ብቻ ነው።

«ያንቺ አያት ቁጡ ነበረች እንዴ?» ትለኛለች።

አልነበረችም እላታለሁ። እንዴት ትስቅ እንደነበር ላሳያት ስሞክር ግን የሚወጣው የኔ ሳቅ ነው።