የጉዮ ብስክሌትና የኔ ትርጉም

ልጅ እያለሁ፣ ማለቴ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ ፍሬን የሌለው ብስክሌት ነበረኝ። አትሳቁ። እናቴ ቤት ያለፈው ልጅነቴ የሰው ብስክሌት በሩቁ በማየት አለቀ። ጉልምስናዬን ስደትና የዋልዳ ስደተኞች ካምፕ አቧራ ተካፈሉት። የቀረችኝን ትንሽ ልጅነት ያገኘኋት ሁለት ሺዎቹ ሲገቡ፣ ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ በኬንያው ሞያሌ በኩል ነው። እንደኔ አርጅታችሁ የተጫወታችሁ ካላችሁ ነገሩ ይገባችኋል።

ያን ጊዜ የስፌት መኪናዬን አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ አስቀምጬ ሱሪ አሳጥር ነበር። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ እተረጉማለሁ። አማርኛ፣ ቦረንኛና ስዋሂሊ አውቃለሁ፤ እንግሊዝኛም አውቃለሁ እል ነበር። እንግሊዝኛዬ እንደ ራሴ ሱሪ ነበር፤ ቆሜ ሲያዩት ደህና፣ ጎንበስ ስል የሚተረተር። ይህን የምታውቅ ባለቤቴ ብርቄ ብቻ ነበረች፤ እሷም ለእንጀራችን ስትል ዝም ትላለች።

ጎረቤቴ ጉዮ በር፣ አልጋና የሎሪ ስፖንዳ የሚበይድ ፉንዲ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ የጋለ ብረት ይሸታል። እጁ የነካው ነገር አይለያይም ይባልለት ነበር፤ እሱም ይህን ሲሰማ አንገቱን ይደፋል እንጂ አይክድም።

አንድ ቀን ከኢትዮጵያ በኩል አንድ ሙዙንጉ፣ ፈረንጅ ማለት ነው፣ በቀጭን ብስክሌት መጥቶ ጎማውን ለመለጠፍ ጉዮ ደጅ ቆመ። ብስክሌቱ ፍሬን የለውም። ፔዳሉም አያርፍም፤ ጎማው እስከዞረ ድረስ እግርህን ይዞ ይዞራል። ለማቆም ፔዳሉን በእግርህ ወደ ኋላ ትይዛለህ፣ በቃ። ጉዮ ቁጢጥ ብሎ የኋላውን ጎማ እንደታመመ ግመል መረመረው። ሰንሰለቱ ከሚዞርበት ጥርስ በስተውጭ አንዲት ስስ የብረት ቀለበት ነበረች።

«ያ ታደሰ፣ ይህቺ ቀለበት ምን ትሠራለች? ጠይቅልኝ» አለኝ፤ «ያ» የቦረኖች መጥሪያ ናት።

ጠየቅሁ። ሰውየው ረጅም ንግግር አደረገ። አንዱን እጁን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ፣ ሌላውን ወደ ግራ ጠመዘዘ፣ ፊቱንም ኮስተር አደረገ። እኔ አንዲት ቃል አልያዝኩም። ጉዮ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤ አምስት ስድስት ሰው ከቦናል። አላውቅም ብል ነገ ማን ይጠራኛል?

«ለጌጥ ናት» አልኩት። «አገራቸው እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ ነበር አባቴ። እኔ አፋፉ ላይ ሌላ ሰው አቁሜ መመለሴን ያን ቀን አላወቅሁም።

ጉዮ በሳምንቱ ሁለት ብስክሌት ሠራ፣ አንዱን ለራሱ አንዱን ለኔ። ከከባዶቹ የህንድ ብስክሌቶች የኋላ መጫኛውንና የጭቃ መከላከያውን ቆርጦ ጣለ፤ መሪውን እንደ ፍየል ቀንድ ወደ ታች አጎበጠው፤ የኋላውን ፍሪ፣ ያን እግርህ ሲያርፍ ጠር ጠር የሚለውን ጥርስ፣ በብየዳ ሞልቶ አደነቆረው፤ ለጌጥ ናት ያልኩትን ቀለበት ግን አልገጠመም። የኔን አረንጓዴ፣ የራሱን ከሎሪ በተረፈ ቀይ ቀለም ቀባ። ፍሬኖቹን ነቅሎ እቃ መጣያው ውስጥ ሲወረውር፣ «ፍሬን ለፈሪ ነው» አለ።

ወር ሳይሞላ ሰባት ሆንን፤ ሁሉም ባለ ልጅና ባለ ዕዳ ጎልማሳ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከላይ ከውሃ ታንከሩ ተነስተን አቧራ እያስነሳን እስከ ድንበሩ አግዳሚ ብረት ድረስ እንወርድ ነበር። አሸናፊው የፈጠነው አይደለም። ብረቱን ሳይነካ ለብረቱ በጣም ቀርቦ የቆመው ነው። ርቀቱን የምለካው እኔ ነበርኩ፣ በልብስ መለኪያ ሜትሬ። ያ ብረት በደረት ቁመት ተጋድሞ፣ በሰንሰለት ታስሮ፣ ፀሐይ ላይ እየጋለ ይጠብቀን ነበር። በየሳምንቱ የምንለካው ሲያንስ፣ ሲያንስ፣ ከአንድ ክንድ ወደ አንድ ስንዝር ወረደ። ሴቶቹ ስናልፍ ልጆቻቸውን ይስባሉ። ብርቄ ደግሞ፣ «አንተ ሰውዬ፣ መቆም የማይወድ ነገር ላይ የሚወጣ ሰው ቤቱ አስጠልቶታል ማለት ነው» ትለኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ ቁልቁለቷ ላይ ፔዳሉን ወደ ኋላ ስይዝ ከኋላዬ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ነው፣ ጥርስ እንደሚነቀል ያህል። ወርጄ አየሁት። የተበየደው እንዳለ ነው፣ ጥርሱ ግን ከነበረበት የፀጉር ያህል ወደ ውጭ ወጥቷል። ያን ጊዜ የፈረንጁ ሁለት እጆች ፊቴ ድቅን አሉ። ወደፊት ስንነዳ ጥርሱ ይጠብቃል፤ ወደ ኋላ በያዝነው ቁጥር ደግሞ እንደ ብሎን ይፈታል። ቀለበቷ በተቃራኒው እየጠበቀች እንዳይወጣ የምትይዘው ኖራለች። እስከዚያ ቀን ያቆየን ዝገትና የጉዮ መዶሻ ነው።

የኔን ብስክሌት እየገፋሁ ወደ ቤት ወስጄ ወገቤን አመመኝ አልኩ። እንደዚያ ያለ ብልጥ ነበርኩ፤ ለራሴ ወገብ መላ አላጣሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ልነግረው ቆርጬ ወደ ጉዮ ሄድኩ። ቀዩን ብስክሌት በዘይት ጨርቅ እየወለወለ አገኘሁት።

«ጥሩ መጣህ» አለኝ። «ከኢሲዮሎ የከብት ነጋዴዎች ይመጣሉ። አስተርጓሚ ሲፈልጉ፣ ከታደሰ ሌላ አትያዙ፣ የማያውቀውን አይናገርም አልኳቸው።»

«ዛሬ ባትነዳስ?» አልኩት እንደምንም።

«ወገብህን ያመመህ አንተ፣ የምታሳርፈው እኔን?» ብሎ ሳቀ። «ሂድ፣ ሜትርህን ይዘህ ብረቱ ጋ ቁም።»

ከሰዓት በኋላ ብረቱ ጋ ቆምኩ። ነፋስ አልነበረም። ከላይ ቀይ ነገር ብቅ ሲል አየሁ፤ ከኋላው አቧራው እንደ ጅራት ተከተለው። ሁልጊዜ ፔዳሉን መያዝ የሚጀምርበት ሻይ ቤቱ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ሲገተር ታየኝ። ቀጥሎ እግሮቹ ባዶ ላይ ዞሩ፤ ፔዳሉ ከጎማው ተለይቷል። በነጠላ ጫማው የኋላውን ጎማ ሊረግጥ ሞከረ፣ ጫማው ተሽቀንጥሮ ወጣ። የድንበሩ ፖሊስ ብረቱን ሊያነሳ ወደ ሰንሰለቱ ሮጠ፣ ቁልፉ ግን እጁ ላይ አልነበረም። ጉዮ ደረቱን ከብረቱ ለማዳን መሪውን ጠመዘዘና የቆመ የከብት ሎሪ ጎማ ላይ ገባ። ድምፁን አልጽፈውም። ሎሪው ላይ ያሉት ከብቶች ሁሉ አንድ ጊዜ ተነቃነቁ።

ጭኑ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ቁስሉ እንኳ ሳይደርቅ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሳለ፣ «ብየዳዬ ለቀቀ» አለኝ። «ሃያ ዓመት ያልለቀቀ እጄ ለቀቀ።» ሚስቱ ሎኮ ትሰማለች። አፌን ከፈትኩ። የወጣው፣ «ዕድል ነው፣ አይዞህ» የሚል ነበር።

ብየዳው ግን አልለቀቀም ነበር። የወደቀውን ጥርስ ከአቧራው ውስጥ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ የጉዮ ብየዳ ሳይሰነጠቅ እንደ አንድ ድንጋይ ሆኖ በውስጡ ነበር። በጨርቅ ቁራጭ ጠቅልዬ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት።

ዛሬ ያቺ ቁልቁለት አስፋልት ለብሳለች፤ ሞተር ሳይክሉ እንደ ንብ ይርመሰመስባታል፤ ብስክሌት የሚነዳም ባለ ሁለት ፍሬን ነው። እኔም ተለውጫለሁ። አሁን ያልገባኝን አልገባኝም እላለሁ፤ ሰዉም ምዜ፣ ሽማግሌው፣ እንግሊዝኛው ጠፋበት ብሎ ወጣቶቹን ይጠራል። ደግ አደረገ።

ጉዮ መበየጃውን ሸጦ ኦቦ የምትባል መንደር ገባ፤ ፍየል ያረባል። እያነከሰ ነው የሚሄደው፣ እሱስ ይሁን። የከፋው ሌላ ነው። የተሰበረ ድስት ሲያመጡለት፣ «የኔ እጅ ሰው ይገድላል» ብሎ ይመልሳቸዋል። የፍየሎቹን በረት በር እንኳ በገመድ ነው የሚያስረው።

ልነግረው ሦስት ጊዜ ኦቦ ሄጃለሁ፣ ሎሪ ላይ ተጭኜ፣ በዚህ ዕድሜዬ። በደረስኩ ቁጥር ሎኮ ወተት ትሰጠኛለች፤ ጉዮ ልጆቹን ጠርቶ፣ «ይህ ሰው በወደቅሁ ቀን ዛሬ አትንዳ ብሎኝ ነበር፤ ሽማግሌ ስሙ» ይላቸዋል። ልጆቹ ተነስተው እጄን ይስማሉ። እኔም ወተቱን እስከ መጨረሻው እጠጣና በማታው ሎሪ እመለሳለሁ።