ሞጋምባል ዘንግ ገዛች

ባሏ ዶራሳሚ ሲሞት ሞጋምባል አላለቀሰችም። ጨክና አይደለም፤ እንባው አልመጣም። በሂንዱ ወጋቸው አስከሬኑ ሲቃጠል ቆማ አየች፤ ለቀስተኛው ሲበተን ወንበሮቹን ደራርባ ለጎረቤት መለሰች፤ ከዚያ ቁጭ አለች። ዕድሜዋን የገፋችበት የጫማ ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ልጅም አልወለዱም፤ ስለዚህ አንዴ ከተቀመጠች የሚያስነሳት አልነበረም።

በሳምንቱ የባሏ ወንድም መጣና፣ «እንግዲህ ላንቺ ምን ያደርግልሻል» ብሎ የሟቹን የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች ከነክር መጠቅለያቸው ጠራርጎ ወሰደ። በሩን እሷው ራሷ ከፈተችለት።

የብርዱ ወራት ሲገባ፣ ሻድ የሚባለው ዓሣ ወደ ዳር ሲጠጋ፣ ዶራሳሚ ገና ሳይነጋ፣ ከሚኖሩበት የደቡብ አፍሪካዋ ደርባን የሕንዶች ሰፈር፣ ከቻትስወርዝ፣ ተነሥቶ ባሕር ዳር ይወርድ ነበር። አንድ ማለዳ ሞጋምባል ሳይታወቃት ምጣድ ላይ ሮቲ የሚባለውን ቂጣ ትገለብጥ ጀመር። እጇ ልማዱን አልረሳም፤ የሱን ምሳ ድንች አድርጋበት ጠቅልላለች። መጣሉ ነውር መሰላት። ጥቅሉን ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች።

አሸዋው ላይ ወንዶቹ እንደ ወትሮው ተሰልፈዋል። የባሏ የማጥመድ ጓደኛ፣ ሽማግሌው ሩንጋሳሚ፣ ሮቲውን ተቀብሎ ጎረሰ።

«ጨው በዝቶበታል» አላት።

«እሱ እንደዚያ ነው የሚወደው።»

«አውቃለሁ። ሁሌ ያካፍለኝ ነበር» አለና ፊቱን ወደ ባሕሩ መለሰ።

በማግስቱም ሄደች፤ ከዚያም በኋላ። ከኋላቸው ቆማ ማዕበሉን ታያለች፤ ሲበቃት ትመለሳለች። በመጨረሻ ሩንጋሳሚ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ሞጊ፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ከኋላችን ተገትረሽ ዓሣው ሁሉ ሸሸን እኮ! መቆምሽ ካልቀረ ዘንግ ይዘሽ ቁሚ።»

«ዘንጎቹን ወንድሙ ወስዷቸዋል፣ ጋሼ።»

«አንቺስ ዝም አልሽው?»

«ዝም አልኩት።»

ሽማግሌው አሸዋው ላይ እንትፍ አለ። «ጡረታሽን ስትቀበዪ ሱቅ እንሄዳለን።»

ሱቁ ውስጥ ሻጩ ወጣት፣ «ለልጅዎ ነው፣ አክስቴ?» ብሎ ጠየቃት።

«ለራሴ ነው።»

ጣራ የሚነካ፣ የሚያብረቀርቅ ዘንግ አመጣላት። «ይኼ መንጠቆውን ከማዕበሉ ማዶ ነው የሚጥልልዎት።»

«እሷንም አብሮ ይጥላታል!» አለ ሩንጋሳሚ። «አውቶቡስ ላይስ በየት በኩል ታስገባዋለች? አጠር ያለ፣ ለሁለት የሚፈታ አምጣ።»

የመጣው ተራ የፋይበርግላስ ዘንግ ነበር፤ መስኮት ላይ ከርሞ ቀለሙ ስለደበዘዘ ቅናሽ ተደርጎበታል። ሩንጋሳሚ ክንዷን ዘርግታ እንድትይዘው አደረገና ጫፉ ወደታች እንደማይጎትታት አየ።

«ሰው ሁሉ ገንዘቡን ዘንጉ ላይ ይጨርስና መጠቅለያውን ርካሽ ይገዛል» አላት። «ዘንግ ዘንግ ነው። ጨውና አሸዋ የሚበሉት መጠቅለያውን ነው። ከዘንጉ ያተረፍሽውን እዚህ ላይ አውዪው።»

የመጀመሪያውን መጠቅለያ መዘውር ስታዞረው ውስጡ ይንገጫገጫል። ሁለተኛው ያለ ድምፅ ዞረላት። ሻጩ ቀጭን የተጎነጎነ ክር ሊጠቀልልላት ሲል ሩንጋሳሚ እጁን አወዛወዘ፤ «ተው፣ ተው፣ ለጀማሪ ጣት መቁረጫ ነው። ወፍራሙን የናይለን ክር ጠቅልልላት።»

ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ወደድሽው?»

«አላውቅም።»

«ከበደሽ?»

«አልከበደኝም።»

«በቃ፣ ይኼ ነው።»

የሰው ዕቃ ተልካ የምትገዛ ይመስል ከፍላ ወጣች።

መጀመሪያ የወረወረች ዕለት፣ ክሩን እንዲያሰጥም ጫፉ ላይ የታሰረው እርሳስ ወደ ኋላ ተወንጭፎ አሸዋው ውስጥ ተቀረቀረ። «ወዴት ነው እሜቴ? ዓሣው በዚህ በኩል ነው!» ብሎ አንዱ ሲጮህ ሰልፉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም፤ አላፈረችምም። ሄዳ ነቀለችውና እንደገና ወረወረች። እንዲህ ስትወረውር፣ ክር ሲተበተብባት ቁጭ ብላ ስትፈታ፣ ቤቷ ስትገባ መጠቅለያውን በንጹሕ ውኃ ስታጥብ ሰነበተች።

አንድ ደመናማ ጠዋት ዘንጉ እጇ ውስጥ ተርገፈገፈ።

«ክሩን አታላዪ!» አለ ሩንጋሳሚ የራሱን ዘንግ ጥሎ እየሮጠ። «ወደ ኋላ ሂጂ! ጠቅልዪ፣ ጠቅልዪ!»

እየጠቀለለች ወደ ኋላዋ ተራመደች፤ ማዕበሉ አንድ የሚንፈራገጥ ሻድ እግሯ ሥር ጥሎላት ተመለሰ። ወንዶቹ «እሰይ!» እያሉ አጨበጨቡ፤ ከዚያ ደስታዋን ሊያዩ ወደ ፊቷ ዞሩ። ፊቷ እንደነበረ ነው። መንጠቆውን አወጣች፤ ዓሣውን ከረጢት ውስጥ ከተተች። ቤቷ ገብታ ተምር ሂንዲ በሚባለው ጎምዛዛ ፍሬ ሠርታ በላችው፤ ሳህኗን አጠበች። በማግስቱ ግን ተመልሳ መጣች፤ ወንዶቹም ጠጋ ጠጋ ብለው በዶራሳሚ ቦታ ሳይሆን በሰልፉ ዳር የራሷን ቦታ ሰጧት።

ብርዱ አልፎ ሻድ ማጥመድ በሕግ የሚከለከልበት ጊዜ ሲደርስ ብዙዎቹ መምጣት አቆሙ። ሞጋምባል ሌላ ዓሣ እሞክራለሁ ብላ መምጣቷን አልተወችም። ሩንጋሳሚ አንድ ቀን፣ «ሐዘኑ ቀለል አለሽ?» አላት።

«አልቀለለኝም» አለች። «ምንም አይሰማኝም፣ ጋሼ። ግን ጠዋት እነሣለሁ።»

ሽማግሌው ነፋሱ እየዞረ ስለነበር ከበድ ያለ እርሳስ እንድታስር ነገራት፤ አሰረች።